«ማሽን ዘመድ የለውም» ስለተባለው

ታዛቢ ከአራት ኪሎ፦
ትናንት አምባሳደር አካባቢ በነበረ አንድ ውይይት ላይ ተናጋሪው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የመንግሥት አገልግሎት ውስጥ ሲገባ አድልዎ እንደሚጠፋ አስረድተው «ማሽን ዘመድ የለውም» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። የኔዘርላንድ ግብር መሥሪያ ቤት በልጆች እንክብካቤ ድጎማ አጭበርባሪን ለመለየት የተጠቀመበት የኮምፒውተር ሥርዓት የውጭ ዜግነትን እንደ ሥጋት ምልክት ይቆጥር ነበር፤ በዚያ ጉዳይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ያለ ጥፋታቸው ተወንጅለው እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ካቢኔው ሥልጣን ለቀቀ። ያም ማሽን ዘመድ አልነበረውም።

የፒያሳ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ኔዘርላንድ ድረስ ምን አስኬደህ? እኔ ለአንድ የይዞታ ካርታ 7 ወር ተመላልሻለሁ። «ጠፍቷል» የተባለው ፋይል ጉዳይ ገዳይ በገባበት በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ዘመድ ያለውን አይቼዋለሁና እስቲ ዘመድ የሌለውን ልየው።

ጠበቃ ከልደታ፦
የደረሰብዎ በደል እውነት ነው፤ ነገር ግን ያንን ፋይል የደበቀ ሰው አለ፣ ሰው ደግሞ ይከሰሳል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። ዛሬ «ሲስተም የለም» በምንባልበት መስኮት ነገ «ሲስተሙ እምቢ አለ» ብንባል፣ ይህንን በየትኛው ችሎት ምክንያት ብዬ አቀርበዋለሁ?

ባለሙያዋ ከካዛንቺስ፦
እኔ ከሥራዬ አንጻር «ዘመድ የለውም» የሚለውን ራሱን አልቀበልም። እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ጥናት፣ ከፊት ገጽታ ጾታ የሚለዩ ለገበያ የቀረቡ ፕሮግራሞች ቆዳቸው በነጣ ወንዶች ላይ ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሳሳቱ፣ ቆዳቸው በጠቆረ ሴቶች ላይ ስሕተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። የማን ፎቶ በብዛት እንደተመገበ ይጠየቅ፤ ዘመዱ ያኔ ይታወቃል።

የፒያሳ ልጅ፦
እኅቴ፣ ያ የ2018 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ደግሞ ትምኒት ራሷ ጉግልን ለቅቃ የወጣች አይደለችም እንዴ?

ባለሙያዋ ከካዛንቺስ፦
«ለቀቀች» ያለው ኩባንያው ነው፤ እርሷ «ተባረርኩ» ነው ያለችው። ከሁለቱ የኩባንያውን ቃል መርጠው ማምጣትዎ ግን ዘመድነት ከየት እንደሚጀምር ያሳያል።

የፒያሳ ልጅ፦
እኔ የጉግል ዘመድ ከሆንኩማ ካርታዬን ምነው እነርሱ ባወጡልኝ!

ታዛቢ ከአራት ኪሎ፦
ወደ ነገሩ እንመለስ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲውን በሰኔ 2016 አጽድቋል፤ ፖሊሲ ግን በፍርድ ቤት አያስከስስም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ 1321/2016 አለ፤ እርሱም ስለ መረጃ እንጂ ማሽኑ ስለሚሰጠው ፍርድ በተለይ የወጣ ሕግ አይደለም። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ራሱን የቻለ ሕግ አላቸው። እኛ የጣት አሻራችንን፣ የዓይናችንንና የፊታችንን ምስል ለፋይዳ ሰጥተናል፤ በየኮሪደሩ ካሜራ ተተክሏል፤ እነዚህ አንድ ቀን ተገናኝተው በሰው ላይ ቢፈርዱ፣ በውሳኔው ሥር የሚፈርመው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይጻፍልን ማለት ቴክኖሎጂ መጥላት ነውን?

የፒያሳ ልጅ፦
ፈራሚ፣ ፈራሚ ትላላችሁ። እኔ የማውቀው ፈራሚ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው።

ጠበቃ ከልደታ፦
ስብሰባ የገባ ሰው ሲያልቅ ይወጣል።

የፒያሳ ልጅ፦
አዎን፣ ከ7 ወር በኋላ።