የስዊች ሙቀት ማንቂያ ሰላም ነሳኝ
ሰላም ወገኖች። ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ያለ ቢሮ ውስጥ ኔትወርክ እከታተላለሁ። የድሬን የቀትር ሙቀት ታውቁታላችሁ። ስዊቾቹን (ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኙትን የኔትወርክ መሣሪያዎች) የማየው በዛቢክስ (መሣሪያዎችን የሚከታተልና ማንቂያ የሚልክ ሶፍትዌር)፣ በኤስኤንኤምፒ (ከኔትወርክ መሣሪያዎች መረጃ በሚሰበሰብበት ፕሮቶኮል) ነው። ከሰዓት በኋላ የአንዱ ስዊች ሙቀት 46 ዲግሪ ይገባል፣ ወዲያው 44 ይላል፣ ደግሞ ይወጣል። ገደቡ 45 ስለሆነ በወጣ በወረደ ቁጥር መልእክት ይዘንብብኛል። ለአለቃዬም ይደርሰዋል፤ እሱ ደግሞ አንዱንም ሳያነብ አያልፍም! ፋኑም ኤሲውም ይሠራሉ። ገደቡን ዝም ብዬ ከፍ እንዳላደርገው እውነተኛው ችግር ሲመጣ ያመልጠኛል። ማንቂያው ከ45 ሲያልፍ ተነስቶ፣ ከ40 በታች ካልወረደ እንዳይዘጋ የመዝጊያውን መስፈርት ለብቻው እንዴት ልጻፈው? ወይስ የ5 ደቂቃ አማካይ ይበቃል? ሌላው፣ ሴንሰሩ የሚለካው ወደ ስዊቹ የሚገባውን አየር ይሁን የቺፑን ሙቀት በምን ልለይ? ለቺፕ ከሆነ 45 ምንም አይደለም።