ክርክር፦ 11-1 ሁሌም ከ9-3 ይበልጣል?

አወያይ፦ የዛሬው ርዕስ ይኸው። በ2024 የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ፕሌይኦፍ (የወቅቱ ማብቂያ የዋንጫ ውድድር) ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ቡድን አስገባ፤ ቡድኖቹን የሚመዝነው ኮሚቴ ነው። ኢንዲያና 11 አሸንፎ 1 ተሸንፎ ገባ። አላባማ 9 አሸንፎ 3 ተሸንፎ ውጭ ቀረ። የአላባማ ደጋፊዎች እስከ ዛሬ አልበረደላቸውም፤ የኛን ስኬጁል (የጨዋታ ዝርዝር) ቢጫወቱት ኢንዲያናዎችም ሦስቴ ይሸነፉ ነበር ባይ ናቸው። ልክ ናቸው? ቁጥር ይዛችሁ ኑ። ስድብ ካየሁ አጠፋለሁ።

አዲስ አበባ፦ እኔ የማውቀው የእግር ኳሱን ነው፣ ይቅርታ። ፕሪሚየር ሊግ ላይ ነጥብ ይደመራል፣ አለቀ። እዚህ ኮሚቴ ምን ያደርጋል?

ኮሎምበስ፦ ፕሪሚየር ሊግ 20 ክለብ ነው፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ሁለት ሁለቴ ይገናኛል። እዚህ ላይኛው ዲቪዚዮን ውስጥ በ2024 134 ቡድን ነበር። አንዱ ቡድን በመደበኛው ወቅት የሚጫወተው ግን 12 ጨዋታ ብቻ ነው። ስምንቱ ወይም ዘጠኙ ከራሱ ኮንፈረንስ፣ ማለትም ከምድቡ ቡድኖች ጋር ናቸው፤ የቀሩትን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተዋውሎ ያመጣል። ሁለት ቡድን እኩል 11 ቢያሸንፍ እንኳ እኩል ሠራ ማለት አይደለም። 13 ሰው ክፍል ዘግቶ የሚጨቃጨቀው ለዚህ ነው።

አትላንታ፦ ታዲያ ክርክሩን ጨረስክልኝ እኮ ልጄ! የኢንዲያናን ዝርዝር እስቲ እየው። ፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል፣ ሻርለት፣ ዌስተርን ኢሊኖይ። የመጨረሻውን 77 ለ 3 ነው ያሸነፉት። ይሄ ጨዋታ ነው ልምምድ? በኮንፈረንሳቸው በቢግ ቴን ውስጥም ኦሪገንና ፔን ስቴት አልደረሷቸውም። እውነተኛ ኃይለኛ የገጠሙት አንድ ቀን ነው፣ ኖቬምበር 23 ከኦሃዮ ስቴት ጋር፣ ያውም እናንተ ከተማ። ምን ሆኑ?

ኮሎምበስ፦ 38 ለ 15 ቀጠቀጥናቸው፣ አልክድም። ግን ጨዋታውን ያየ ሰው ውጤቱን ብቻ አያነብም። መጀመሪያ ያስቆጠሩት እነሱ ናቸው። ከእረፍት በፊት ፐንት ሊመታ (ኳሷን በእግሩ ወደ ተጋጣሚ ሊሰድ) የቆመው ልጃቸው ኳሷ ከእጁ አመለጠችው፤ ኦሃዮ ስቴት እዚያው መስመሩ አፍንጫ ሥር ተረክቦ አስቆጠረ። ከእረፍት መልስ ደግሞ ካሌብ ዳውንስ ፐንት ተቀብሎ 79 ያርድ ሮጦ ገባ። በሁለት ፐንት ብቻ ጨዋታው ተገለበጠ። በርግጥ ማጥቃታቸውም ሞቶ ነበር፤ ኳስ ወርዋሪው ኳርተርባካቸው ሳይወረውር አምስቴ ተጥሏል።

ሲያትል፦ ጋሼ፣ በዚያው ኖቬምበር 23 አላባማ የት እንደነበር አልነገሩንም። ኦክላሆማ ሄዶ 24 ለ 3 ተሸንፏል! ኦክላሆማ መደበኛውን ወቅት የጨረሰው 6-6 ነው። ከዚያ በፊት ቫንደርቢልት 40 ለ 35 አሸንፎታል፤ ከ1984 ወዲህ አላባማን አሸንፎ የማያውቀው ቫንደርቢልት። እሱም የጨረሰው 6-6 ነው። በቴነሲ መሸነፉን ማንም አይቆጥርበትም። ግን ስኬጁሌ ከበደኝ የሚል ቡድን በከባዶቹ ይሸነፋል እንጂ በመካከለኞቹ አይሸነፍም።

አትላንታ፦ ጆርጂያን 41 ለ 34 ያሸነፈውስ ማን ነው? ኢንዲያና ጆርጂያን የሚያክል ማንን አሸነፈ? በፕሌይኦፉ ኖትር ዳም ሄዶም እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች 27 ለ 3 እየተመራ ነበር። 27 ለ 17 ማለቁ አያታልላችሁ።

ሲያትል፦ ማንን አሸነፈ? ሚሺጋንንና ዋሽንግተንን። በጃንዋሪ 2024 ለዋንጫ የተጋጠሙት ሁለቱ እኮ ናቸው። ያን ስኬጁል በዚያ ወር ያየ ሰው ኢንዲያናን እግዜር ይሁንህ ይለው ነበር። ከዚያ ሚሺጋን አሰልጣኙ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ወደ ኤንኤፍኤል ሄደ። የኛን ዋሽንግተን አሰልጣኝ ደግሞ ማን ወሰደው? አላባማ! አሰልጣኛችንን ወስዳችሁ አደከማችሁን፣ ቀጥሎ ኢንዲያና ያሸነፈው ደካማ ቡድን ነው አላችሁ። ይሄ ፍትሕ ነው?

አወያይ፦ 😂 ይሄኛው ተመዝግቧል።

ዳላስ፦ ሁላችሁም ኢንዲያና ላይ ተንጠላጥላችኋል። የመጨረሻዋን ቦታ ከአላባማ ጋር የተፋጠጠባት የኛው የዳላሱ ዩኒቨርሲቲ ኤስኤምዩ ነው። ኤስኤምዩ ለኮንፈረንሱ ለኤሲሲ ዋንጫ ከክሌምሰን ጋር ተጫውቶ ሰዓቱ ሲያልቅ በ56 ያርድ ምት 34 ለ 31 ተሸነፈ። አላባማ ያን ቀን ቤቱ ተቀምጦ ነበር። ተጨማሪ ጨዋታ የተጫወተ ተቀጥቶ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ይሸለም?

አትላንታ፦ በፕሌይኦፉ በፔን ስቴት 38 ለ 10 የተሸነፈው የናንተው ኤስኤምዩ አይደለም እንዴ እህቴ?

ዳላስ፦ ነው። በዚያው ዕለት ከአላባማ ኮንፈረንስ ከኤስኢሲ የሆነው ቴነሲ በኦሃዮ ስቴት 42 ለ 17 ተሸንፏል። ቴነሲ መግባት አልነበረበትም ያለ አንድ ሰው አሳዩኝ።

ኮሎምበስ፦ ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንዱ ስኬጁሉ ምን ያህል ይከብዳል ነው። ሌላው በዚያ ስኬጁል ምን ሠራህ ነው። ከፕሌይኦፉ በፊት በነበረው የቢሲኤስ ዘመን ቀመሩ የተጋጣሚዎችህን ሪከርድ (ድልና ሽንፈት) ሁለት ሦስተኛ፣ የተጋጣሚዎችህን ተጋጣሚዎች ሪከርድ አንድ ሦስተኛ አድርጎ ይደምር ነበር። አማካይ ነው እንግዲህ፤ አማካይ ደግሞ ይደብቃል። 12 መካከለኛ ቡድን የገጠመና ሁለት ግዙፍና አሥር ደካማ የገጠመ አማካያቸው እኩል ሊሆን ይችላል። በጣም ጎበዝ ለሆነ ቡድን ሁለተኛው ይከብደዋል፣ ምክንያቱም ሊሸነፍ የሚችለው በግዙፎቹ ነው። ለመካከለኛ ቡድን ግን የመጀመሪያው ገሃነም ነው፤ በየሳምንቱ ሳንቲም መወርወር ማለት ነው። ስለዚህ የኔ ስኬጁል ይከብዳል ሲባል ለማን ብሎ መጠየቅ ይገባል። ኮሚቴው በ2025 የሪከርድ ጥንካሬ የሚባል መለኪያ የጨመረው ዝርዝሩን ብቻ ሳይሆን በዝርዝሩ ላይ የተሠራውንም ለመመዘን ነው።

ሌላው ስም ነው። የኤስኢሲ ቡድኖች ገና አንድ ጨዋታ ሳይደረግ ደረጃው ላይ ተደርድረው ይጀምራሉ። እርስ በርስ ሲሸናነፉ አሸናፊው ትልቅ ድል አገኘ ይባላል፤ ተሸናፊው ደግሞ በትልቅ ቡድን ነው የተሸነፈው ተብሎ ይታለፋል። ክቡን ማን ይሰብረዋል? በ2017 ሴንትራል ፍሎሪዳ 12-0 ይዞ ኮሚቴው 12ኛ አደረገው፣ ስኬጁልህ ቀላል ነው ተብሎ። ከዚያ ኦበርንን 34 ለ 27 አሸነፈ። ኦበርን በዚያው ዓመት አላባማንም ጆርጂያንም አሸንፏል፤ ለዋንጫ የተጫወቱት ደግሞ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

አትላንታ፦ አንድ ድል ነው። የ2023 ፍሎሪዳ ስቴትስ? 13-0 ሆኖ ከፕሌይኦፉ ተተወ ተብሎ አገር ተለቀሰ። ከጆርጂያ ጋር ሲጋጠም 63 ለ 3!

ሲያትል፦ ግማሽ ቡድኑ አልጫወትም ብሎ ወጥቶ ነበር ጋሼ። ኳርተርባኩ ጆርዳን ትራቪስም የተጎዳው ኖቬምበር ላይ ነው። ያ ጨዋታ ስለ ስኬጁል ምንም አይነግረንም።

አትላንታ፦ ይሁን። ግን አንድ ነገር መልሱልኝ፣ እስካሁን አልተነካም። ሽንፈት ብቻ ከተቆጠረ ከባድ ጨዋታ የሚፈልግ ማን አለ? ኢንዲያና ከሉዊቪል ጋር የነበረውን ውል ራሱ አፍርሷል። የአላባማው የስፖርት ዳይሬክተርም ከምርጫው በኋላ ከኮንፈረንስ ውጭ ከጠንካሮች ጋር መጫወት ያዋጣን እንደሆነ እናያለን ብሏል። እንዲህ ከቀጠለ ሴፕቴምበር ላይ የምናየው ዌስተርን ኢሊኖይን ብቻ ነው። ለተመልካች ማን ያስብለት?

ኮሎምበስ፦ እዚህ ላይ ልክ ነዎት፣ ጋሼ። ከኮንፈረንስ ውጭ ያለው ዩኒቨርሲቲው በፈቃዱ የመረጠው ስለሆነ ጠበቅ ተደርጎ መመዘን አለበት። ኢንዲያና እዚያ ላይ መከላከያ የለውም። ያኔ ግን አላባማም ያሳየን፤ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ከታችኛው ዲቪዚዮን መርሰርን ጋብዞ 52 ለ 7 ያሸነፈው ማን ነበር?

ዳላስ፦ ደሞ ኢንዲያና በ2025 ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ 10፣ አላባማን በሮዝ ቦውል 38 ለ 3 አሸንፎ፣ ማያሚን 27 ለ 21 ረትቶ 16-0 ዋንጫ በላ። አላባማ ያን ዓመት በሦስት ሽንፈት ገብቶም አይተነዋል።

አትላንታ፦ ያ ሌላ ዓመት፣ ሌላ ቡድን ነው! የምንከራከረው ስለ 2024 ነው። በዚያ ላይ የናቃችሁት ቫንደርቢልት በ2025 መደበኛውን ወቅት 10-2 ጨርሷል፤ አላባማ የተሸነፈው በተራ ቡድን አይደለም ማለት ነው።

ሲያትል፦ ጋሼ፣ የኢንዲያና 2025 አይቆጠርም፣ የቫንደርቢልት ግን ይቆጠራል?