ለደብረ ብርሃን ክረምት ምን ዓይነት ፍሬንና ማርሽ ላስገጥም?

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ሥራ ቦታዬ 9 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በብስክሌት እመላለሳለሁ። በጋውን ችግር የለም፣ ብርዱን ለምደነዋል። ያስቸገረኝ ክረምቱ ነው። ዋልካው ጎማውና ፍሬኑ መሃል ይጠቀጠቅና ብስክሌቱን እኔ እሸከመዋለሁ! ጭቃው የፍሬኑን ላስቲክ ሞርዶ ጨርሶታል፤ ቸርኬውም እየሳሳ ነው።

አሁን ትንሽ ብር አጠራቅሜ ዲስክ ፍሬን (ቸርኬውን ሳይሆን ጎማው መሃል ላይ ያለውን የብረት ሳህን የሚይዝ) የሚቀበል ያገለገለ የብረት ፍሬም አግኝቻለሁ። ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። የዘይቱ ዲስክ ይሻለኛል ወይስ የሽቦው? የዘይቱ በአንድ ጣት ይይዛል፤ መንገድ ላይ ቢያፈስ ግን ማን ይሠራልኛል? ሽቦውን እኔው እቀይረዋለሁ። ችግሩ፣ ለመስቀል ዕቃ ጭኜ በጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ልወርድ አስቤያለሁ። ቁልቁለቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሽቦው ይችለዋል?

ማርሹም አለ። ከፊት ባለ 32 ጥርስ አንድ ብቻ፣ ከኋላ ከ11 እስከ 42 ባደርግ፣ ስመለስ ዳገቱን ከነሻንጣዬ ያወጣኛል? ከፊት ሁለት ይሁን የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ጭቃ የሚገባበት ነገር ባይበዛ እመርጣለሁ። ፓራፋንጎው ከጎማው ራቅ ማለት እንዳለበት እንኳ ገብቶኛል፣ ዋልካው አስተምሮኛል። በዚህ መንገድ ጭኖ የወረደና የወጣ ካለ፣ እባካችሁ ምን እንደገጠማችሁ ንገሩኝ።