«ለበጎ ነው» አትበሉኝ፦ እናቴን ሳልቀብር እንዴት ልጸልይ?

ጥያቄ፣ ከፍራንክፈርት

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ የሌላውን ሳነብ እንጂ ስጽፍ አይታችሁኝ አታውቁም። ዛሬ ግን ከበደኝ።

እናቴ ካረፈች ሁለት ወር ሊሆናት ነው። መርዶዬን የሰማሁት በስልክ ነው፤ ያውም ሥራ ቦታ ቆሜ። የያዝኩት የስደተኛ ፓስፖርት ስለሆነ አገር ቤት መግባት አልችልም። ስትታመም ያልተሳልኩት ስለት የለም። ለገብርኤል ተሳልኩ፣ ለአርሴማ ተሳልኩ፣ ጾምኩ፣ ሰገድኩ። አልሆነም።

አሁን ልጸልይ ብዬ ስቆም አፌ አይከፈትልኝም። ቤተ ክርስቲያን ከሄድኩ ቆየሁ። ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ለበጎ ነው፣ እግዚአብሔር የሚሠራውን ያውቃል» ይለኛል። ይህን ስሰማ ይብሳል እንጂ አይቀለኝም፤ እናደዳለሁ። እምነቴ ጠፍቶ ይሆን? እንዲህ ሆኖ የሚያውቅ ካለ እንዴት እንደወጣው ይንገረኝ። ስብከት ግን አይሁን፣ እባካችሁ።

መልስ፣ ከቨርጂኒያ

እህቴ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማርልሽ። አንቺንም ያጽናሽ።

«እምነቴ ጠፍቶ ይሆን?» ላልሽው ቀድሜ ልመልስልሽ። እኔ እንደሚገባኝ አልጠፋም። አንቺ አሁን የምትዪውን የሚመስል ነገር የተናገሩ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሞልተዋል፤ ማንም ከሃዲ አላላቸውም። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የኔን ልንገርሽ።

የኔ አባቴ ነበር። የጥገኝነት ጉዳዬ ገና በሂደት ላይ ነበር። አገር ቤት ከገባሁ ማመልከቻዬን እንደተውኩት ይቆጠርብኛል፤ ጠበቃዬ «እንዳታስቢው» አለችኝ። ስለዚህ ቀብሩን በስልክ አየሁት። የማታ ፈረቃ ጨርሼ፣ ሥራ ቦታዬ ፓርኪንግ ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እዚህ ገና ጠዋት። ስልኩን የያዘልኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ድምፁ ይመጣል፣ ይጠፋል። አስከሬኑ ሲወርድ ልጁ ማልቀስ ጀመረ መሰለኝ እጁ ዝቅ አለ። ከዚያ በኋላ ያየሁት የሱን ጫማና ቀይ አፈር ብቻ ነው። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አላገኘሁትም። ቤቴ ሄጄ ተኛሁ። ማታ ተመልሼ ሥራ ገባሁ።

ይህን የማወራሽ ሐዘን ላይ ሐዘን ልጨምርብሽ ብዬ አይደለም። እኛ ጋ ሐዘን ወግ አለው። ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት ፍራሽ አንጥፎ አብሮ ያድራል። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ደረት ይመታል፣ የሟች ስም ይጠራል፣ ይለቀሳል። ይህ ሁሉ እናትሽን የቀበሩት ሰዎች ጋ ሆኗል። አንቺ ጋ አልደረሰም። አንቺ ሥራ ገብተሻል። እኔም ሥራ ገብቻለሁ። ያልተለቀሰ ለቅሶ ደግሞ የትም አይሄድም፤ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ያ ጉሮሮ ነው እንግዲህ ጸሎት የሚጠየቀው። የእምነት ችግር ብዬ ስፈራው ከነበረው ግማሹ ይህ ነበር።

ያኔ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ትቼው ነበር። ለሰው የምሰጠው ምክንያት የእሑድ ፈረቃ ነው። ነፍስ አባቴ ግን ደወሉልኝ። «አባ፣ መጸለይ አቅቶኛል» አልኳቸው። ተግሣጽ ነበር የጠበቅኩት። እሳቸው «ምን ማለት ትችያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አሰብኩና «እግዚኦ ማለት እችላለሁ» አልኳቸው። «እንግዲያው እሷን በይ ልጄ። ሌላውን እኛ እንልልሻለን» አሉኝ።

እህቴ፣ እኔን ያቆመኝ ይህ «እኛ እንልልሻለን» የሚለው ነው። ቅዳሴ የአንድ ሰው ጸሎት አይደለም። ካህኑ ድርሻ አለው፣ ዲያቆኑ ድርሻ አለው፣ ሕዝቡ ድርሻ አለው። አንዱ ዝም ቢል ሌላው ይቀበላል። ከኋላ በሩ አጠገብ ቆሜ ምንም ሳልል የወጣሁባቸው እሑዶች አሉ። ሕዝቡ «እግዚኦ ተሠሃለነ» ሲል ግን እኔም ውስጡ ነበርኩ። ስለዚህ ሂጂ። የሚሰማሽ ነገር ባይኖርም ሂጂ። ቁሚ፣ ከደከመሽ ተቀመጪ፣ ከከበደሽ ሳያልቅ ውጪ።

ሌላው ዳዊት ነው። ዳዊት የሚያጽናናውን ብቻ እየመረጥን ነው የምናነበው። ብዙዎቹ የለቅሶ መዝሙሮች በምሬት ጀምረው መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። «አቤቱ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ የሚጀምረው 12ኛው እንዲህ ነው። 87ኛው ግን አይዞርም። (በሌላው አቆጣጠር 88 ብለሽ ፈልጊው።) ሌሊትና ቀን ጮኽኩ ይላል፣ ፊትህን ለምን ትሰውርብኛለህ ይላል፣ ወዳጅ ዘመዶቼን ከእኔ አራቅህ ይላልና እዚያው ጨለማው ላይ ያበቃል። ለስደተኛ የተጻፈ ነው የሚመስለው። አባ ይህንን እንዳነብ ሲሰጡኝ ገርሞኝ ነበር። ግን አስቢው፤ አባቶቻችን ይህን ከጸሎት መጽሐፍ አላወጡትም። ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ በየሳምንቱ ይደርስበታል። ስለዚህ ያንቺ ምሬት ከጸሎት ውጭ አይደለም። እንዲያውም የሚባልበት ቃል ተዘጋጅቶለታል።

ኤልያስንም አስታውሺ። ያን ሁሉ ተአምር ያየ ነቢይ ምድረ በዳ ገብቶ ከዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። መልአኩ መጥቶ አልሰበከውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ደግሞ ቀሰቀሰውና «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ተነሥና ብላ» አለው። የጥንቱ መነኩሴ ማር ይስሐቅም ስለ ነፍስ ጨለማ ሲናገር፣ መጸለይ ያቃተው ሰው ልብሱን ተከናንቦ ጨለማው እስኪያልፍ ይተኛ፣ በዓቱን ብቻ አይልቀቅ ይላል። አንቺም ብዪ፣ ተኚ። ጾም ቢደርስ ለነፍስ አባትሽ ያለሽበትን ንገሪያቸው፤ አቅምሽን ያውቁልሻል።

ተስፋዬ የተመለሰው ግን ስጸልይ አይደለም። ከጽዋ ማኅበራችን የአንዲት እናት ወንድም አገር ቤት ሞተ። መርዶ ልንነግር በጠዋቱ ተሰባሰብን። እኔን እንጀራ አምጪ ብለውኝ ነበር፤ አስቀምጬ ልወጣ ነው ያሰብኩት። እናትየው መርዶውን ሰምተው ሲጮኹ ግን እግሬ ከዳኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በፊት አይታኝ የማታውቅ አንዲት ሴትዮ መጣችና አቀፈችኝ። «ያንቺስ ማን ነው?» አለችኝ። «አባቴ» አልኳት። ስሙን ጠየቀችኝና ነገርኳት። ከዚያ የአባቴን ስም እየጠራች አለቀሰችልኝ። የማታውቀውን ሰው። እኔም ተቀበልኳት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልሽም። አባቴ ለምን እንደሞተ የነገረኝ የለም። ግን በዚያው ሳምንት ሥራ ላይ፣ ሌሊት፣ የምንከባከባቸው አረጋውያን ሲተኙ «አቡነ ዘበሰማያት» ጀመርኩና እስከ መጨረሻው ደረስኩ። ከዚያ በፊት መሀሉ ላይ ነበር የምቆመው።

«ለበጎ ነው» ለምትሉ ወገኖችም አንድ ነገር ልበል። በቅን ልብ እንደምትሉት አውቃለሁ። የኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ደግ የሠሩት ያኔ ነው። አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው ያቆሰሉት። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በሚጮኸው ኢዮብ ላይ አይደለም፣ በነሱ ላይ ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ሐዘንተኛ ቤት ስትሄዱ ምግብ ይዛችሁ ሂዱና ቁጭ በሉ። የሟችን ስም ጠይቁ። ይበቃል።

አንድ የመጨረሻ። እንቅልፍ ጨርሶ ከከዳሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ በተለይ ደግሞ መኖር ካስጠላሽ ለሐኪም ንገሪ። ጠበልና ሐኪም አይጣሉም። አሜሪካ ያላችሁ 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት መደወል ትችላላችሁ፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።

መልስ፣ ከሲያትል

ሰላም እህታችን። እኔን ያናወጠኝ ሞት አይደለም፣ የገዛ ቤተ ክርስቲያኔ ነው። ጉዳዩ ከጥያቄሽ ትንሽ ይለያል፤ ግን እዚህ ተመሳሳይ ነገር በዝምታ የሚሸከሙ ወንድሞች እንዳሉ ስለማውቅ ልጻፍ።

ከ1983 በኋላ የመጣውን መከፋፈል ውጭ አገር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። የአገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ የስደተኛው ሲኖዶስ፣ ገለልተኛ። አብረው ያደጉ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፈጉ። ክርስትና ሲነሣ «የት ነው የሚነሣው?» ተብሎ የሚቀርበት ዘመን ነበር። ሐምሌ 2010 ዋሽንግተን ላይ እርቁ ሲወርድ፣ አቡነ መርቆሬዎስም አገራቸው ሲገቡ፣ ቴሌቪዥን ፊት ተንበርክኬ አልቅሻለሁ። ሁለት ዓመት ትንሽ አለፍ እንዳለ ጦርነቱ መጣ። የትግራይ አባቶች ተለዩ። ጥር 2015 ደግሞ ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ የጳጳሳት ሹመት ተደረገና ሌላ ስንጥቅ። በነነዌ ጾም ጥቁር ለብሰን ቆምን። ያን ጊዜ ልቤ ተቆረጠ። ለማን ነው የምጸልየው አልኩ።

የመለሰኝ ክርክር አይደለም። ሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። በእነዚያ ዓመታት ሦስቱም ጋ ይሄዱ ነበር፤ ይሰደባሉም። «እኔ የምመጣው ሥጋ ወደሙ ወዳለበት ነው» ነበር መልሳቸው። ዛሬም ከሁሉ ቀድመው መጥተው ምንጣፉን ያነጥፋሉ። እሳቸውን ሳይ አባቶች የተጣሉበትን ነገርና እግዚአብሔርን ለይቼ ማየት ቻልኩ። አባቶች ይቅርታ ሊጠይቁበት የሚገባ ነገር ዛሬም አለ ብዬ አምናለሁ፤ በአደባባይም እላለሁ። ግን ቅዳሜ ማታ ከእሳቸው ጋር ምንጣፍ እያነጠፍኩ ነው የምለው።

መልስ፣ ከሪያድ

አሰላሙ አለይኩም። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ብጽፍ ቅር የሚላችሁ አይመስለኝም። እህቴ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ።

ሰው ቤት ሠራተኛ ሆኜ ነበር፤ ለዓመታት ወደ ቤተሰቦቼ መመለስ አልቻልኩም። ሶላት ላይ ቆሜ ምንም የማይሰማኝ ጊዜ ነበር። ሌላዋ ሠራተኛ፣ ትልቅ ሴት ነች፣ ከቁርኣን ምዕራፎች አንዷን፣ ሱረቱ ዱሃን፣ አስታወሰችኝ። ወህዩ፣ ማለትም ከአላህ የሚመጣላቸው መልእክት፣ ለተወሰነ ጊዜ ተቋርጦባቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዝነው ሳለ ነው የወረደችው። «ጌታህ አልተወህም፣ አልጠላህምም» ትላለች። እሳቸውም ባለቤታቸውን ኸዲጃንና አጎታቸውን አቡ ጧሊብን በአንድ ዓመት አጥተዋል፤ የሐዘን ዓመት የተባለው ያ ነው። ዝምታ የመተው ምልክት አይደለም ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው። የኔ ይኸው ነው። ዱዓ አደርግልሻለሁ፣ ለእናትሽም።

ከፍራንክፈርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቨርጂኒያዋን እህቴን አንብቤ አለቀስኩ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። የሪያዷ እህቴ፣ አሜን። አንድ ጥያቄ አለኝ። የእማዬ አርባ አለፈ። አገር ቤት አውጥተውላታል፤ እኔ እዚህ ምንም አላደረግኩም። አሁን ጊዜው አልፏል?

መልስ፣ ከኑረምበርግ

ምንም አላለፈሽም እህቴ። ሁለት ወር ገደማ ከሆናት ሰማንያው ገና ነው። ከዚያ መንፈቅ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። አገር ቤት መደረጉም አንቺ ካለሽበት እንዳታደርጊ አያግድሽም። በአቅራቢያሽ ካለው ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪውን አነጋግሪ። የሚፈልጉት የእናትሽን የክርስትና ስምና ያረፉበትን ቀን ነው፤ ስሙን እርግጠኛ ካልሆንሽ አሁኑኑ አገር ቤት ደውለሽ አጣሪ። ቀኑ በሥራ ቀን ከዋለ በቅርብ ወዳለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ያዛውሩልሻል። ትልቅ ድግስ አያስፈልግም። ዳቦ፣ ንፍሮና ቡና ይበቃል።

እስከዚያው ደግሞ ሌሊት ላይ ከከበደሽ 0800 1110111 አለ። በጀርመንኛ ነው፤ ነጻ ነው፣ ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል።

እኛ ከዚህ በባቡር ሁለት ሰዓት ነን። ሦስት አራት ሴቶች ሆነን እንመጣለን፤ ከዋዜማው ጀምሮ አብረንሽ እናድራለን። ዳቦውን እኔ እጋግራለሁ። ቀኑን ስታውቂ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።