«አክተር» ማለት ተዋናይ ነው?

ጥያቄ፦ ታክሲ ውስጥ አንዱ ረዳት ጓደኛውን «አንተ አክተር ነህ እንዴ፣ አትሞትም?» ሲለው ሰማሁ። «ተዋናይ» ብለን ብንተካው ነገሩ ይበላሻል። ይሄ ትርጉም ከየት መጣ?

መልስ፣ ከካራ፦ በኔ ግምት ከቪዲዮ ቤት ነው፣ ያውም ከዳር ሰፈሮቹ። ልጅ ሆኜ ካራ አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት በር ላይ ሳንቲም ሰብሳቢ ነበርኩ፣ ኋላ ዴኩን፣ ማለትም የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻውን፣ መንካትም ተፈቀደልኝ። ፒያሳ እነ ሲኒማ ኢትዮጵያና አምፒር ነበሩት፣ መርካቶም ሲኒማ ራስ። እኛ ጋ የጭቃ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የተቸነከረ ማዳበሪያ፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን። መግቢያው ሽልንግ ነው፤ ስሙኒ ብቻ ያለው ጩጬ መሬት ላይ ይቀመጣል።

እዚያ ቤት ውስጥ አክተር ማለት ተዋናይ አይደለም። ሃምሳ ሰው ቢተውንም አክተሩ አንድ ነው። የቀረው ወይ ሌባ ነው ወይ የአክተሩ ጓደኛ። የአክተሩ ጓደኛ ደግሞ ስለ እጮኛው ማውራት ከጀመረ አለቀለት፣ ከኋላ ወንበር «ቻው!» ይባላል። ፊልሙ የሕንድ ሆነ የቻይና ካራቴ ቋንቋውን የሚሰማ የለም፣ ስለዚህ አርፍዶ የገባ ሰው ጨለማ ውስጥ እየተደናበረ ገና ሳይቀመጥ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «አክተሩ የቱ ነው?»። እሱን ካወቀ ሌላው ሁሉ ይገባዋል። ቃሉ የጠበበው እንዲህ ይመስለኛል። «ተዋናይ» ከግእዙ «ተዋነየ»፣ ተጫወተ ከሚለው የመጣ ስለሆነ የተጫወተውን ሁሉ ያቅፋል፤ የማይሞተውን ለይቶ አይጠራልንም።

አክተር ሲሞት ማየት ደግሞ እንደ መዘረፍ ነበር። አንድ ቀን መጨረሻው ላይ አክተሩ የሚሞትበት ካሴት ገባብን። ቤቱ ተናወጠ፣ «ብራችንን!» ተባለ፣ አግዳሚ ተገለበጠ። ባለቤቱ በሩን ይዞ ቆመና «ክፍል ሁለት ላይ ይነሳል!» አለ። ክፍል ሁለት የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ ብድር የካደ ሰው ሁሉ «ክፍል ሁለት ላይ ይከፍላል» ይባል ነበር። ይሄ አባባል ከካራ ውጪ ወጥቶ ከሆነ የሰማችሁ ንገሩኝ።

አስተያየት፣ ከአስኮ፦ ወንድሜ፣ ለዳር ሰፈር ብቻ አትስጠው እንጂ። ሲኒማ ራስ የሚገቡት የመርካቶ ልጆችም አክተር ይሉ ነበር። ይልቅ «ሾፈ»ንም አብራራልን።

መልስ፣ ከካራ፦ እሺ፣ ለመርካቶም ይሁን። ሾፈ ከዐረብኛው «ሹፍ» ነው፣ ተመልከት ማለት። «ሲኒማ» ይልቅ ያስገርመኛል። ፒያሳንና መርካቶን የሰጠን ጣልያንኛ ነው፣ ግን ጣልያኖቹ «ቺኔማ» ነው የሚሉት። የኛው አነጋገር ለፈረንሳይኛው ይቀርባል፣ እንደ ለገሃር። አባቶቻችን እንኳ ስም ለማውጣት ፈረንጅ አልጠበቁም፣ የከተማውን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብለው ገላገሉት። እናቴም ሥራዬን በዚሁ ስም ነበር የምትጠራው።

ጥያቄ፦ ካሴቱን ወደ ኋላ መመለስንስ ምን ትሉት ነበር?

መልስ፣ ከካራ፦ ማጠንጠን። ቴፑ «ክር» ከተባለ ሌላ ምን ይባላል፣ ግሱ የፈታይና የሸማኔ ነው። ኢ-180 የሚባለው ካሴት ሦስት ሰዓት ስለሚይዝ ሁለት ፊልም ይጫንበታል፣ የመጀመሪያውን እንደገና ለማሳየት ታጠነጥናለህ፣ ሕዝቡ ያፏጫል። ዴኩ ክሩን «ሲበላው» የተጨማደደውን በመቀስ ቆርጬ በፕላስተር እቀጥላለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚበላው ድብድቡ ላይ ነው፣ ተመልሶ ተመልሶ የሚታየው እሱ ነዋ። ምስሉ በረዶ ሲያወርድ ሄዱን፣ ክሩን የሚያነበውን የዴኩን ክፍል፣ በአልኮል በተነከረ ወረቀት ማጠብ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሴት ግን ብታጥበውም ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይንሸራተታል። የነሱ የቴሌቪዥን ሲስተም ኤንቲኤስሲ ነበር፣ የኛ ፓል፤ ሁለቱ አይግባቡም። ተመልካቹ ይሄን አይሰማህም፣ «ቀለሙን ሸጠኸው ነው!» ይልሃል።

አስተያየት፣ ከአስኮ፦ እኛ ጋ «ቀለሙን ጠጣው» ነበር። ባለቤቱ ማታ ማታ ጠጅ ቤት ስለማይጠፋ።