የእህቴ ልጅ ከእኔ ጋር ትኖራለች፣ ወላጆቿ አዲስ አበባ ናቸው፤ ፋፍሳ (የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የኮሌጅ እርዳታ መጠየቂያ ቅጽ) ላይ የማን ገቢ ይሞላል?

አክስት_ሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ 19 ዓመቷ ነው። ዲቪ ደርሷት በግሪን ካርድ ገብታ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ቤት ትኖራለች፤ ለፎል 2026 (የመጸው ሴሚስተር) ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትጀምራለች። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ እናቷ አነስተኛ ሱቅ አላት፤ ሁለቱም ሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መለያ ቁጥር) የላቸውም። አንዱ ሰው «ያንቺንና የባለቤትሽን ታክስ አስገቢ» ይለኛል፣ ሌላው «ወላጆቼ የት እንዳሉ አላውቅም ብላ ትሙላ» ይላል። ትክክለኛው የቱ ነው? ሱቁስ እንደ ሀብት ይቆጠራል?

ፋይናንሻል_ኤይድ፦
ሁለቱንም አይስሙ። ሁለተኛው ሐሰት ነው፤ በቅጹ ላይ የምትፈርመው ደግሞ በሕግ ተጠያቂ በመሆን ነው። በፋፍሳ ሕግ ወላጅ የሚባለው የወለደ ወይም በሕግ በማደጎ የወሰደ ነው። አክስት፣ አጎትና አያት ልጅቷን ቢያኖሩም ገቢያቸው አይገባም። ለ2026-27 ቅጽ በዕድሜ ብቻ ራሷን የቻለች (የወላጅ ገቢ የማትጠየቅ) የምትባለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 በፊት የተወለደች ተማሪ ናት። ካገባች፣ የምታሳድገው ልጅ ካላት ወይም በፍርድ ቤት ሞግዚት ሥር ከነበረች ሌላ ነገር ነው። ወላጆቿ ገንዘብ አለመላካቸው ግን ምንም አይለውጥም። (በጦርነት ወይም በስደት ምክንያት ከወላጅ ጋር በእውነት የተቆራረጠ ተማሪ የኮሌጁን ቢሮ አነጋግሮ በማስረጃ ራሱን የቻለ ሊባል ይችላል። ይህ መብት ለእነሱ የተቀመጠ ነው።)

ደግነቱ የወላጆቿ ሶሻል ሴኩሪቲ ማጣት እርዳታውን አያስቀርም፤ የሚታየው የእሷ ግሪን ካርድ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እሷ በራሷ ሶሻል ሴኩሪቲ ቅጹ በሚሞላበት ድረ ገጽ (studentaid.gov) አካውንት ትክፈት፤ ማንነቷ እስኪጣራ ጥቂት ቀን ሊወስድ ይችላል። በአሜሪካ አብረው ታክስ ስላልሞሉ አባትም እናትም ለየብቻ አካውንት ያስፈልጋቸዋል፤ «ሶሻል ሴኩሪቲ የለኝም» የሚለውን መርጠው በየራሳቸው ኢሜይል ይክፈቱ። አንድ ኢሜይል ለሁለት ሰው አይሠራም። የማረጋገጫ ኮዱ በኢትዮጵያ ስልክ ላይደርስ ስለሚችል በኢሜይል እንዲመጣ ያድርጉ። ከዚያ እሷ ከቅጹ ላይ ትጋብዛቸዋለች፣ እነሱ በራሳቸው ገብተው ድርሻቸውን ሞልተው ይፈርማሉ።

ብዙ ቅጽ የሚሰናከለው የታክስ መረጃ ከአይአርኤስ (ከአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) እንዲወሰድ ፈቃድ የሚጠይቀው ገጽ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለ ወላጅ «እኔ አሜሪካ ታክስ ከፍዬ አላውቅም» ብሎ እምቢ ይላል። ታክስ ያልሞላም ቢሆን መፍቀድ አለበት፤ ከሦስቱ (ከእሷ፣ ከአባቷና ከእናቷ) አንዱ ካልፈቀደ ልጅቷ ምንም የፌዴራል እርዳታ አታገኝም።

ብር_በዶላር፦
ስለ ገቢው ልጨምር። የ2026-27 ቅጽ የሚጠይቀው የ2024 ገቢ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። አባትየው በአሜሪካ ታክስ አልሞላሁም ካለ በኋላ ከውጭ አገር ገቢ ነበረህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» ይበል። ደሞዝ እያለው ገቢ የለኝም ካለ ኮሌጁ ማስረጃ ሲጠይቅ ይጋጫል። ብሩ ወደ ዶላር የሚቀየረው ቅጹ በሚሞላበት ቀን ምንዛሪ ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት አለው፦ እስከ ሐምሌ 2024 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከመቶ በላይ ሆኗል። በድሮው ያሰላ ሰው ገቢውን ከእጥፍ በላይ አድርጎ ያስመዘግባል።

የሚኖሩበት ቤት አይቆጠርም፣ የሚያከራዩት ሌላ ቤት ካለ ግን ይቆጠራል። የእናቷ ሱቅ የራሳቸው ከሆነና ቋሚ ሠራተኞቹ ከ100 የማይበልጡ ከሆነ ከ2026-27 ጀምሮ እንደ ሀብት አይገባም፤ ትርፉ ግን ገቢ ነው። እርስዎ የሚሰጧት ምግብና ማደሪያም አይመዘገብም። የደሞዝ ደብዳቤውን ከአሁኑ ማህተም አስደርገው ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመው ያስቀምጡ፤ ለማጣራት ከተመረጠች እሱ ይጠየቃል።

ቀናኢ፦
ስም ላይ ተጠንቀቁ። የእኛ ፓስፖርት የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚይዝ፣ አንዱ ቦታ የአባቷን ሌላው ቦታ የአያቷን ስም ካስገባች ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር አይገጥምም። ልክ ካርዱ ላይ እንዳለው ትጻፍ። ቅጹ የሚጠይቃት የኤ ቁጥር (የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥሯ) ዘጠኝ አሃዝ ነው፤ ግሪን ካርዱ ላይ ዩኤስሲአይኤስ (USCIS) ከሚለው ሥር አለ። የወላጆችንም የልደት ቀን በኢትዮጵያ ዘመን እንዳታስገቡ፤ ከፓስፖርታቸው ውሰዱት።

አክስት_ሜሪላንድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ነው። ታክስ የሚሠራልን ሰው በክፍያ ልሙላላችሁ ብሎ ነበር። ገንዘቡስ የሚሰጠው ለማን ነው?

ፋይናንሻል_ኤይድ፦
ፋፍሳ ነፃ ነው። ከክፍያው ይልቅ የሚያሳስበኝ እንዲህ ያለ ሰው አካውንቱን በራሱ ኢሜይልና ስልክ ሊከፍተው መቻሉ ነው፤ በዓመቱ ሲታደስ ልጅቷ መግባት አትችልም።

ገንዘቡ ወደ ኮሌጁ ይገባል፣ ከትምህርት ክፍያ የተረፈው ለእሷ ይሰጣል። የፔል ግራንት (የፌዴራሉ ነፃ እርዳታ) ጣሪያ ለ2026-27 በዓመት 7,395 ዶላር ነው፣ ለሁለት ሴሚስተር ተከፍሎ ይሰጣል፣ እንደ ብድር አይመለስም። 12 ክሬዲት ከያዘች የሚገባትን ሙሉውን፣ 6 ከያዘች ግማሹን ታገኛለች። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ትምህርት ካቋረጠች ግን የተወሰነው ይመለሳል፣ ኮሌጁም ዕዳ ያስመዘግብባታል፤ ስለዚህ ከባድ ትምህርት ሲገጥማት ከማቋረጧ በፊት ቢሮውን ትጠይቅ። ሎን (ብድር) ከቀረበላት ደግሞ የመቀበል ግዴታ የለባትም፤ ፔሉን ብቻ መቀበል ትችላለች።

የፌዴራሉ ቀነ ገደብ ጁን 30 ቀን 2027 ቢሆንም በእሱ አትዘናጉ። የሜሪላንድ ስቴት እርዳታ የሚፈልግ ቅጹን እስከ ማርች 1 ማስገባት አለበት። አዲስ አበባ ያሉት አካውንታቸውን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ይክፈቱ።