የአባባ ጠጠር ስንት ሚሊሜትር ነው?

እህቴ፣ አባባ የኩላሊት ጠጠር እንዳመማቸው ሰምቼ አዘንኩ። እግዜር ይማራቸው። ለሕክምናው ብር ማሰባሰቡ ግን ትንሽ ይቆይ። መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ደውለሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። ጠጠሩ ስንት ሚሊሜትር ነው? ኩላሊት ውስጥ ነው ወይስ ከኩላሊት ወደ ፊኛ ወደሚወስደው ቧንቧ ወርዷል? እኛ ለወንድሜ ይህን ሳንጠይቅ ነው ብር የላክነው።

እኔን እዚሁ ጀርመን ነው ያመመኝ። ሌሊቱን ግድግዳ ስቧጥጥ አደርኩ። 4 ሚሊሜትር ነው፣ የቧንቧው ታችኛ ክፍል ደርሷል። ሐኪሙ ማስታገሻ ሰጥቶ «ውሃ እየጠጣህ ጠብቅ» ብሎ ሸኘኝ። በሸቅኩ። ለዚህ ነው በየወሩ ያን ሁሉ ኢንሹራንስ የምከፍለው? በ9ኛው ቀን ወጣ። ከ5 ሚሊሜትር በታች ከሆነ አብዛኛው በራሱ ይወጣል። ከዚያ ትንሽ ከፍ ካለና ታች ከደረሰ፣ ቧንቧውን የሚያላላ ታምሱሎሲን የሚባል መድኃኒት ሊያዙ ይችላሉ።

የወንድሜ ግን ሌላ ነው። ሥራው ሸዋ ሮቢት ነው። በዚያ ሙቀት ላቡ ሲንጠፈጠፍ ይውላል፤ በጾም ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ውሃ አይቀምስም። ኩላሊቱ ውስጥ 22 ሚሊሜትር ተገኘ። ዘመድ ሁሉ «በጨረር ይሰበርለት» አለ። ጨረር እንላለን እንጂ የድምፅ ሞገድ ነው። ቢላ የለው፣ ደስ ይላል። ከ20 ሚሊሜትር በላይ ለሆነ ግን ብዙም አያዋጣም፤ ስብርባሪው ራሱ ቧንቧ ይዘጋል። ሁለት ዙር ከፈልን። በመጨረሻ አዲስ አበባ በጀርባው በትንሽ ቀዳዳ ገብተው አወጡለት። ድሮውንም የሚያስፈልገው እሱ ነበር።

ሌላው መንገድ በሽንት መውጫ ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ በሌዘር መፍጨት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ስቴንት የሚባል ቱቦ ቧንቧው ውስጥ ይተዋሉ። ቀኑ ሲደርስ የግድ መውጣት አለበት። አባባ «ተሻለኝ» ብለው መንዝ ከገቡ ማን ያስታውሳቸዋል? ቀኑን አንቺ ስልክሽ ላይ ያዢው።

ለጠጠር ይበጃል የሚሉትን የገብስ ውሃ ይጠጡ፣ ፈሳሽ ነውና አይጎዳም። ትልቅ ጠጠር ያሟሟል ብለሽ ግን አትጠብቂ።

ካተኮሳቸው ወይም ካንቀጠቀጣቸው ይህ ሁሉ ወሬ ይቅር፤ ሳይነጋ ሆስፒታል ይግቡ። የተዘጋ ኩላሊት ላይ ኢንፌክሽን ከተጨመረ ጊዜ አይሰጥም።

አሁን የምርመራውን ወረቀት ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልሽ። ሲቲ ስካን ካላቸው የእሱ ልኬት ከአልትራሳውንዱ ይሻላል።